ሰማያዊው ስባሪ

ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። «ከወዳደቁ ዕቃዎች ለቤተሰብ በስጦታ የሚበረከት ጌጥ ሠርታችሁ አምጡ» ይላል። ሌላ እናት ብትሆን ካርቶንና ኮላ ፈልጋ ትሰጣታለች። እኔ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መቀስ ካለ ጣት ይቆረጣል። ጣሳ ካለ ዝገት አለ፤ ዝገት ካለ ቴታነስ አለ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ። ቤቴ ውስጥ የሚሰበር ዕቃ አይገባም። ሳህኖቻችን ፕላስቲክ፣ ኩባያዎቻችን ብረት ናቸው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስረኛ ጠያቂ መሰላችሁ አይደል?» እያለ ያስቃቸዋል።

«በካርቶንና በጨርቅ ብቻ ሥሪ» አልኳት ልጄን። «ስለት ያለው ነገር እንዳላይ።»

«እሺ እማ» አለች። እሺ ያለ ልጅ ደግሞ ያስፈራኛል። በማግስቱ አልጋዬ ስር ገብታ የዱቄት ወተት ጣሳዬን አገኘችው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጣሳው ውስጥ ምን እንደነበር ለመናገር ወደ ስድስት ዓመቴ መመለስ አለብኝ።

ያኔ የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ ጥፍሮቹ ስር ያለው ጥቁር ግሪስ በሳሙናም በቤንዚንም አይለቅም። ከጋራዥ የአሮጌ ኩሽኔታ የብረት ብይ እያመጣ ይሰጠኝ ነበር። ብይዋ ቀዝቃዛና ከባድ ነበረች፤ ጉንጬ ላይ አድርጌያት እተኛ ነበር። ይህን የምናገረው እሱ ያደረገውን ለማቅለል አይደለም። ብይዎቹ ስለነበሩ ነው።

እናቴ ከስባሪ ጌጥ ትሠራለች። የተሰበረ ሳህን፣ የተሰበረ ስኒ፣ የጠርሙስ ቂጥ፣ ሰው ጠርጎ የሚጥለውን ሁሉ። በፒንሳ ቆንጠር ቆንጠር ታደርገዋለች፤ ስለቱን በብርጭቆ ወረቀት ትሞርደዋለች፤ ከዚያ ኮምፔንሳቶ በሚባለው ስስ ጣውላ ላይ በኮላ ትለጥፈዋለች። ኮላው ሲይዝ ጄሶ በጥብጣ በስባሪዎቹ መሃል ታፈስና በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ያን ጊዜ ነው ማየት! ትናንት መጥረጊያ ስር የነበረው ነገር አበባ ይሆናል፣ ዓሣ ይሆናል። የመስታወት ፍሬም፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የሻማ ማቆሚያ ትሠራ ነበር። ልደት ያለባቸው፣ ሙሽራ ያላቸው ሰዎች ስጦታ ሊያሠሩ ይመጣሉ። ኮምፔንሳቶውን በልክ እየቆረጠ የሚያመጣላት ጋሼ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አናጢ።

ስባሪው ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እኔ አውቅ ነበር። ከአባቴ ነው። ጋሼ እንጨት ይቆርጣል፣ አባቴ ይሰብራል፣ እናቴ ትለጥፋለች። ቤታችን ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ለእኔ እንደዚህ ነበር የተደለደለው። ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። አንድ ቀን ሳህን ከጭንቅላቴ በላይ ግድግዳው ላይ ሲፈነዳ አለቀስኩ። ኋላ ላይ እናቴ አንድ ዓይኗ አብጦ መጣችና አቀፈችኝ።

«አታልቅሺ ሚጢዬ» አለችኝ። «አባትሽ እኮ ዕቃ እያዘጋጀልኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አላለቀስኩም። እንዲያውም ጨዋታ አበጀችልኝ። ቁምሳጥኑና ግድግዳው መሃል አንድ ልጅ የሚይዝ ክፍተት ነበር። አባቴ በሩን በእግሩ ከፍቶ የገባ ዕለት «ወደ ቦታሽ» ትለኛለች፤ እገባለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የተሰበረውን አውቄ እጠራለሁ። «ጮክ ብለሽ ጥሪ፤ እኔ እንድሰማሽ» ትለኝ ነበር። ልጅ ስወልድ ነው የገባኝ። ድምፄን ከሰማች ስባሪ አላገኘኝም ማለት ነው።

ጎበዝ ነበርኩ። ሳህን ጧ ብሎ ያበቃል። ብርጭቆ ይበተናል፤ ከተሰበረም በኋላ ትንሽ ያወራል። ጠርሙስ መጀመሪያ ድብ ይልና ከዚያ ይረግፋል። አንድ ድምፅ ግን ነበር፣ ምንም ስባሪ የማይተው። ድፍን፣ ለስላሳ፣ ከኋላው አጭር የታፈነ ትንፋሽ ያለው።

«እማዬ፣ እሱስ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን፣ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ እየለየን በየጣሳው ስንጨምር።

እናቴ ጣሳውን ወደ ራሷ ሳበች። «እሱ ጆንያው ነው» አለች። «የጄሶው ጆንያ። አባትሽ መተላለፊያ እንዳይዘጋ ሲያነሳው ነው።»

ከዚያ በኋላ እሱንም መጥራት ጀመርኩ። «ሳህን! ጆንያ! ጆንያ! ብርጭቆ! ጆንያ!» ኋላ አብረን ስንጠርግ «ዛሬ ብዙ አገኘን» እላታለሁ። «አዎ ሚጢዬ» ትላለች፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ። «ዛሬስ ብዙ ነው።»

ቤታችን ውስጥ ጆንያ እንዳልነበረ የገባኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባለሱቁ ለአንዲት ሴት ጄሶ ሲመዝን አየሁ። በፌስታል ነው የሰጣት። እናቴም ሁልጊዜ በፌስታል ነበር የምታመጣው። የተላክኩበትን ዘይት ሳልገዛ ወጣሁ።

በስድስት ዓመቴ፣ ያ ኑሮ ያበቃበት እሑድ የመጣው አንዲት ሙሽራ ያዘዘችው መስታወት ሊያልቅ ሲል ነው። ሙሽራዋ ፍሬሙ ላይ ወፍ ትፈልጋለች፤ ሰማያዊ ወፍ፣ ክንፏን የዘረጋች። እናቴ ወፏን በእርሳስ ስላ፣ ዛፉን በአረንጓዴ ጠርሙስ፣ ሰማዩን በነጭ ሳህን ሞልታ ጨርሳለች። ሰማያዊ ግን የለም። ቤታችን ውስጥ ሰማያዊ ዕቃ ካለቀ ቆይቷል። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ትልቁ የሸክላ ጆግ። የሞተችው አያቴ ጆግ ነው፣ የአባቴና የጋሼ እናት። አባቴ ሲሰብር እጁ መደርደሪያውን እየጠረገ ይሄድና ጆጉ ጋ ሲደርስ ያልፈዋል። ሁልጊዜ። ወደ ቦታዬ ስሮጥ ይህን ስንቴ አይቻለሁ።

«ሰማያዊ ብቻ ባገኝ» አለች እናቴ ቅዳሜ ማታ፣ ባዶዋን ወፍ እያየች። «ይቺ ምስኪን ራቁቷን ቀረች እኮ።»

እኔም ነገሩን ያዝኩት።

እሑድ ጋሼ ለምሳ መጣ። ሩዝና ሥጋ ነበር። አባቴ በወንድሙ ፊት ሌላ ሰው ነው፤ «ጋሼ ጨምር፣ ጋሼ ይሄን ብላ» ይላል። እናቴ ያን ቀን በዚያ ሙቀት እጀ ሙሉ ሹራብ ለብሳ ነበር። ጋሼ አጥንቱን እየጋጠ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መስታወት አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አንቺ ልጅ» አላት፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠራት። «ይሄን ሁሉ ስባሪ ከየት ታመጪዋለሽ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«ጎረቤት ያጠራቅምልኛል ጋሼ» አለች እናቴ። «ሰው ይሰጠኛል።»

ለአባቴ ከፋኝ። የስንት ቀን ልፋቱ ለጎረቤት ሲሰጥ!

«ኧረ አባዬ ነው የሚሰብርላት!» አልኩ።

ጋሼ ሳቀ። «አባትሽ?»

«አዎ። እሱ ይሰብራል፣ እሷ ትለጥፋለች። ከትናንት ወዲያ ሁለት ሳህንና አንድ ጠርሙስ። እኔ ሳላይ በድምፁ ብቻ አውቀዋለሁ።»

«ሚጢ፣ ውሃ አምጪ» አለች እናቴ።

ማን ሰምቷት። ትልቅ ሰው ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። «ጆንያውንም አውቀዋለሁ። እሱ ግን ስባሪ የለውም።»

«የምን ጆንያ?»

«የጄሶው ነዋ። አባዬ ሲያነሳው እማዬ ታግዘዋለች። ስለሚከብዳት እንዲህ ትላለች» አልኩና እናቴ የምታወጣውን የታፈነ ድምፅ ልክ እንደሷ አድርጌ አወጣሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

ጋሼ አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። እናቴ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ሳበችው። አባቴ ሳቀ። «የልጅ ነገር!» አለ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። ጣቴን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀሰርኩ።

«አባዬ፣ ዛሬ ሰማያዊውን ስበርልን። እማዬ ለወፏ ሰማያዊ አጥታለች።»

«የእናቴን ጆግ?» አለ ጋሼ።

ሌላ ምንም አልጠየቀም። እጁን ታጠበና አባቴን «ና እስቲ» ብሎ ወደ ግቢ ወሰደው። በመስኮቱ እሰማቸው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል። ጎረቤት አለ።» «እሺ ጋሼ።» «ሰው ምን ይላል? የእኛ ቤት ስም የለውም?» «እሺ ጋሼ።» ስለ ጆጉ የሚከራከሩ መስሎኝ አባቴ እንዲያሸንፍ ጣቶቼን ቆልፌ ለመንኩ።

ጋሼ ተመልሶ ከበሩ ጀርባ ባርኔጣውን አነሳ። እናቴን ሳያያት «ቻል አድርጊው አንቺ ልጅ። ሆደ ሰፊ ሁኚ» አላት።

«ትንሽ ይቆዩ እንጂ ጋሼ» አለች። «ሻይ ላፍላ። ቶሎ ነው የሚደርሰው። አሁን ነው የማፈላው።»

«ሻዩ ሌላ ቀን።»

«ግማሽ ኩባያ እንኳን።»

ሄደ። ሰው ሻይ ጠጣልኝ ብሎ እንዲያ ሲለምን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

አባቴ ገባና በሩን ዘጋ፤ መቀርቀሪያውን ሳበ። በዝግታ ነው ያደረገው። ቢቸኩል ይሻለን ነበር።

«ዕቃ አቅራቢሽ ነኝ ለካ» አላት። «እየነገርሽ ታሳድጊያታለሽ! በወንድሜ ፊት መሳቂያ ልታደርጊኝ!»

«ወደ ቦታሽ» አለችኝ እናቴ።

ሮጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሰማያዊ ይመጣል።

መጀመሪያ የሄደው የሙሽራዋ መስታወት ነው። መስታወት ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ወዲያው አወቅኩት፤ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ትልቅ ነው። «መስታወት!» ብዬ ጠራሁ። ቀጥሎ ሳህን፣ ሳህን፣ ሳህን። «ድስት! ድስት ደግሞ አይሰበርም!» አልኩና ሳቅኩ። ከዚያ ጆንያው መጣ። «ጆንያ! ጆንያ! ጆንያ!» እንደዚያ ቀን ተከታትሎ መጥቶ አያውቅም። ስም የመጥራት ትንፋሽ አጠረኝ። አንዳንዱን ሳልጠራው አለፈኝ። ቁምሳጥኑ በጀርባው መጥቶ ትከሻዬን ወደ ግድግዳው ተጫነኝ፤ የሆነ ከባድ ነገር ተወርውሮ ነበር ያረፈበት። የእናቴ የታፈነ ድምፅ መታፈኑን ተወ። ጮኸች። ጆንያ ለማንሳት ይህን ያህል ይጮሃል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

ከዚያ የማላውቀው ድምፅ መጣ። ጋሼ ቀጭን እንጨት በጉልበቱ ላይ ሲሰብር የሚሰማው ዓይነት፣ ደረቅ፣ አጭር። ወዲያው ደግሞ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ትንሽ የቀጠነ። ዝም አልኩ። ስም የለኝም።

«ጥሪ» አለች እናቴ ከወለሉ ላይ፤ ድምፅዋ ክር አክሏል። «ሚጢዬ... ጥሪ።»

«አላወቅኩትም እማዬ!» አልኳት።

የተሰበሩት የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ነበሩ። በጫማው ነው የረገጣቸው፤ ፒንሳውን ለማንሳት ዘርግታቸው ነበር አሉ። ፒንሳውን ምን ልታደርግበት እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

«ሰማያዊ አይደል የፈለግሽው?» ሲል ሰማሁት። ወንበር ተጎተተ። «ያውልሽ ሰማያዊ!»

የጆጉ ድምፅ ወፍራም ነበር። ከሁሉም ይወፍራል። ምን ላይ እንዳረፈ አላየሁም፤ ድምፁ ግን እንደ ሌሎቹ የግድግዳ ወይም የወለል አልነበረም። ባለ በሌለ ድምፄ፣ ባለሁበት እየዘለልኩ ጠራሁት።

«ሰማያዊ! ሰማያዊ ነው! ጆጉ ነው! እማዬ፣ ሰማያዊ ተገኘ!»

ያኔ በሩ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ጋሼ ነበር። በሩን የገጠመው እሱ ራሱ ስለሆነ የቱ ማጠፊያ እንደላላ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። ከቦታዬ ስወጣ አባቴን በሸሚዙ አንገት ይዞ ግድግዳው ላይ ያጋጨዋል። «የእናቴን ጆግ!» ይላል። ያጋጨዋል። «የእናቴን!» አባቴ እጁን አላነሳም፤ «ጋሼ፣ ጋሼ» ብቻ ይላል፤ ጥርሱ ሸሚዙ ላይ ወድቋል። ጋሼ ከበሩ የተገነጠለውን ጣውላ አነሳና ጉልበቱን መታው። አባቴ ስባሪው ላይ ወደቀ። እንደገና መታው። ለአንድ ጆግ እንዲህ የሚጣሉ ትልልቅ ሰዎች አሳፈሩኝ።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯና አንገቷ ቀይ ሆኗል። ቀይ ዕቃ ሲሰበር አልሰማሁም ነበርና ቀዩ ከየት እንደመጣ ዙሪያዬን ፈለግኩ። ከዚያ ሰማያዊውን አየሁት፤ እግሯ ሥር፣ ጭኗ ላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ። ተንበርክኬ ቀሚሴ ላይ መልቀም ጀመርኩ።

«ተይው» አለችኝ።

«ለወፏ እኮ ነው።»

ተነሳች። አንድ እጇን በሌላው ይዛ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው፣ የወደቀውን በር ረግጣ ወጣች። እኔም ቀሚሴን እንደ ቋጠሮ ይዤ ተከተልኳት። ወደዚያ ቤት አልተመለስንም።

አክስቴ ቤት ተጠለልን። የእናቴ ግንባር ተሰፋ፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ሙሽራዋ መስታወት ሳይኖራት ተዳረች። አባቴ አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ገባ ተባለ፣ ኋላ ሞተ ተባለ። ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ቤት መጣ። ጥሩ ኮላ ይዟል። ጆጉን እንደገና ሊገጥመው ስባሪዎቹን ይፈልጋል። ወለሉን ጠርጎ ያገኘው ግማሹን ብቻ ነው። እናቴ ውጭ ይዛው ወጣች፤ ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ እንዳይወስድብኝ ብዬ የኔን ስባሪ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ከአልጋ ስር ደበቅኩት። እንደደበቅኩት አደግኩ።

ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ነገር ነው በውስጤ ያለው። ያን ቀን እናቴን ያስመታኋት እኔ ነኝ። ጣቶቿን የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ ስትሞት ደግሞ እኔ ጆጉን እየጠራሁ እጨፍር ነበር። አልሞተችም፤ ግን ልትሞት ትችል ነበር፤ ለእኔ ሁለቱ አይለያዩም። ልጄ ከፊቴ ስትጠፋ ጆሮዬ ይቆማል። ድምፅ ካለ ምንድነው እላለሁ፤ ድምፅ ከሌለም ምንድነው እላለሁ። ከእናቴ ጋር ግን ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

እንግዲህ ልጄ ያን ጣሳ ከፍታ፣ ካርቶን ቆርጣ፣ ጄሶ በጥብጣ፣ ለአያቷ የፎቶ ፍሬም ሠርታለች። ሰማያዊ። ዙሪያውን በሙሉ። ከሱቅ ስመለስ ይዛው ወደ ጓዳ እየሮጠች ነበር፤ እናቴ እዚያ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጄን ልይዛት ሮጥኩ። አልደረስኩባትም።

«አያቴ፣ ለአንቺ ነው!»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ፍሬሙን በዚያ በማይታጠፍ እጇ ተቀበለችው። እኔ በሩ ላይ እንጨት ሆንኩ። አሁን ትወድቃለች አልኩ፤ አሁን ልቧ ይቆማል፤ መጀመሪያ ለማን ነው የምደውለው እያልኩ ነበር። እሷ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰች። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ።

«ጄሶው ሳይደርቅ ነው ያመጣሽው» አለቻት። «ይሄ ጋ ደግሞ አልሞረድሽውም። ሰው ይቆርጣል። ሂጂ የብርጭቆ ወረቀት አባትሽን ጠይቂው።»

ልጄ ስትወጣ እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እማዬ» አልኳት፤ «ያን ቀን እኔ ነኝ...»

«ምን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ባልናገር... እኔ ሰማያዊ ብዬ ባልጮህ...»

እናቴ አየችኝ። ሽንኩርቱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«ጋሼ ኮላ ይዞ የመጣ ቀን ነግሮኛል» አለች። «አልሄደም ነበር። በራችን ላይ ነበር የቆመው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሁሉን ሰምቷል፤ መስታወቱን፣ ሳህኑን፣ ያንን ሁሉ ጆንያ አንቺ እየጠራሽለት። በባልና ሚስት መሃል ማን ይገባል ብዬ ቆምኩ አለኝ። ሰማያዊ ስትዪ ነው ያላስቻለው።» ትንሽ ሳቀች። «ለእኔ አልገባም ልጄ። ለእናቱ ነው የገባው። ጆጉን እግዜር ይስጠው።»

እኔ አልሳቅኩም። እናቴ ስባሪ መለጠፍ ታውቃለች። ጋሼ እንደዚያ ብሎ ይሁን፣ ወይስ ለእኔ ስትል ለዓመታት ቆርጣና ሞርዳ የያዘችው ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አልጠየቅኳትም። ጄሶው እስኪደርቅ ድረስ ፍሬሙን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው።

እሑድ ሰቀልኩት። አንድ ምስማር መታሁ። ቢነቀልስ ብዬ ሁለተኛ መታሁ። ሦስተኛውን ስመታ እናቴ ከጓዳ ተጣራች።

«ሚጢ! ምንድነው?»

መዶሻውን አየር ላይ ያዝኩት። ልጄ ከጎኔ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ምስማር ነው እማዬ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ እንድትሰማኝ። «ምስማር ብቻ ነው።»